ገመድ ያዥዋ የት ሄደች?

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ዛሬም ኪስ ፍተሻ። ከሠላሳ ሁለት ኮት ውስጥ አራት እስክሪብቶ፣ ግማሹ የተበላ ብስኩት፣ አንድ የሕፃን ካልሲ፣ አንድ የፍቅር ደብዳቤ። ደብዳቤውን አላነበብኩትም… እሺ፣ አነበብኩት። ለሚስቱ የጻፈው አልመሰለኝም። አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩና ከኮቱ ቁጥር ጋር አያያዝኩት። ሊወስድ ሲመጣ ዓይኑን ለማየት ቸኩያለሁ።

ላውንደሪ ከገባሁ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ሰውን በእድፉ ማወቅ ጀምሬያለሁ። ዘይት፣ ቀለም፣ የሊፒስቲክ ምልክት፣ ደም… ስለ ደሙ አልጠይቅም።

እንፋሎት ካውያዋን እየጠበቀች ስልኳን አሳየችኝ። (ስሟ እንፋሎት አይደለም፣ እኔ ነኝ ያወጣሁላት። ልብስ ስለምትተኩስ ሳይሆን ሲነኳት ስለምትጨስ።) «የሐይቁ ደወሎች»ን አሜሪካኖች በእውነተኛ ሰው ሠርተውታል። አርብ ይወጣል። «ያ የልጅነት ካርቱንሽ አይደል?» አለችኝ። ነው። እጄ ላይ የነበረውን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ መዘገብኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ግሩፑ እሳት ሆኗል። የ«የሐይቁ ደወሎች» አፍቃሪዎች ግሩፕ። ከገባሁ ሦስት ወር ቢሆነኝ ነው፣ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ሺህ ምናምን ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ እላለሁ… እኔም ባንኮኒ ሥር ደብቄ ሳነብ ነው የምውለው።

የፊልሙ ማስታወቂያ ላይ ዋናው ልጅ፣ ጠላቂው፣ ፂም አለው። አሥራ ሦስት ዓመቱ የሆነው ልጅ! አንዱ «ይሄ ጠላቂው ነው ወይስ የጠላቂው አጎት?» ብሎ ጻፈ። ሌላው ልጅነታችንን ሰረቁን ብሎ የተሰበረ ልብ ደረደረ። የጠላቂው አንድ ዓይና ቀበሮማ… ታጥቦ ያልተጨመቀ ድመት መስሏል። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለእንፋሎት። ጻፊው አለችኝ፣ ፈራሁ።

ፕሮፌሰር የሚሉት አለ፣ የግሩፑ አዛዥ። ጃፓንኛ ራሱን አስተምሮ ሃያ ስድስቱንም ክፍል በአማርኛ ተርጉሞ ከሥር ጽፎበታል። መጀመሪያ አይታችሁ ፍረዱ ይላል። የሚሰማው የለም።

እኔ ያንን ትርጉም አይቼው አላውቅም። አላስፈለገኝማ። የራሴ አስተርጓሚ ነበረኝ።

ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሽዬ አሥር። ሲዲዎቹን የአባዬ ጓደኛ አደራ ካስቀመጠው ካርቶን ውስጥ ነው ያገኘናቸው። ንግግሩ ጃፓንኛ ብቻ፣ ጽሑፍ የለው ምን የለው። ጋሽዬ በርጩማ ስቦ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጥና የሚሉትን ይነግረኛል። ጃፓንኛ እችላለሁ አለኝ። ከየት ተማርከው ስለው «ሲዲው ክዳን ላይ ተጽፏል» አለኝ። አመንኩት! ሳድግ ጥቂት ጥቂት እንደሚጨማምር ገብቶኛል፣ ግን ታሪኩ ያው ታሪኩ ነው ብዬ ነው የኖርኩት።

ሐይቅ ሥር የሰመጠ ከተማ አለ። በየቤቱ ደወል ነበረ። ጠላቂው ወገቡን በገመድ ታስሮ ይወርድና ደወሎቹን አንድ በአንድ ያወጣል። ገመዱን ጀልባ ላይ ሆና የምትይዘው ነጭ ጸጉር ያላት ልጅ ናት። እህቱ። ጋሽዬ እሱን፣ እኔ እሷን ነበርኩ። የእማዬን የልብስ ማስጫ ገመድ ወገቡ ላይ አስረን አልጋ ሥር ይገባል፣ እኔ እስኪወጣ አልለቅም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

አየነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሆነ እንፋሎት ስልኩን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አቁማልኝ፣ ሱቁን ዘግተን።

ገመድ የለም። ጠላቂው ጀርባው ላይ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ፣ ክንዱ ላይ ኮምፒውተር አስሮ ብቻውን ይወርዳል። ገመድ ያዥዋን አውጥተዋታል። በቦታዋ ሽጉጥ የያዘች መርማሪ አለች፣ መኪና ታሳድዳለች። ሐይቅ ውስጥ ምን መኪና አለ?

እንፋሎት ግን ወደደችው። ውኃው ያምራል አለች። እኔ እንባዬ መጣ። ለካርቱን ነው የምታለቅሺው አለችኝ። ለካርቱን አይደለም… ታዲያ ለምንድነው? ካርቱን ነው አልኳትና ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ጋሽዬ ደወለ። እሑድ እሑድ ረፋዱ ላይ ነው የሚደውለው፣ በእማዬ ስልክ። እማዬ ጆሮዋ ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ስለዚህ ሁሉንም እሰማለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ፣ መድኃኒቱን እየወሰድሽ ነው፣ እኔ ደህና ነኝ። ሰባት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ። እማዬ መጨረሻ ላይ «እህትህ እዚህ ናት፣ ላቅርብልህ?» ትለዋለች። እሱም «ሰላም በያት፣ ሌላ ጊዜ» ብሎ ይዘጋል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ጊዜ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለማንም አውርቼው አላውቅም፣ እዚህ ልጻፈው።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እሱ የሚማርበት ኮሌጅ ልመዘገብ ሄጄ፣ ላስደንቀው ብዬ የት ክፍል እንዳለ ጠየቅኩ። ጸሐፊዋ መዝገቡን ሁለቴ አገላበጠችና «ይሄ ልጅ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል» አለችኝ። ሁለት ዓመት! በየጠዋቱ ምሳውን ይዞ፣ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣ የነበረው ማነው ታዲያ? አባዬ ለምረቃው ሱፍ አሰፍቶለት ቁምሳጥን ውስጥ ሰቅሎታል እኮ።

ለብቻው ጠርቼ መጠየቅ ነበረብኝ። እራት ላይ አባዬ ፊት ዘረገፍኩት። ተናድጄ ነበር፣ ሌላውን ይዋሽ እኔን እንዴት ብዬ። አባዬ ጮኸ፣ ከቤቴ ውጣ አለ። ጋሽዬ አባዬን ዞር ብሎም አላየውም። እኔን ነው ያየው። በነጋታው ቦርሳውን አንግቶ እንደ ልማዱ ወጣ፣ በዚያው ቀረ።

አባዬ ሲሞት መጥቶ ነበር። ውኃ ሳዞር ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ለሰው ቤት ልጅ እንደሚባለው። ያን ቀን ያለቀስኩት ለአባዬ ብቻ እንዳልነበር እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

ናፍቆኛል። ድምፁን በየሳምንቱ እየሰማሁ ይናፍቀኛል፣ ይሄ ምን ይባላል?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ጻፍኩ! ምን እንደነካኝ እንጃ። ግሩፑ ውስጥ አንዱ፣ አሜሪካኖቹ ያጠፉት ትልቁ ነገር ምንድነው ብሎ ጠይቆ ነበር። እንዲህ አልኩ፦

«ክፍል ዘጠኝን ነው ያጠፉት። ጠላቂው ከውኃው ወጥቶ የጀልባውን ጠርዝ ይይዝና እህቱን "ከታች ሲጨልምብኝ፣ አንቺ ከላይ እንዳለሽ ካወቅኩ አልፈራም" ይላታል። ይሄን ያወጣ ሰው ፊልሙ አልገባውም።»

ልኬ ስልኩን ሱሪ ክምር ሥር ደበቅኩት። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው…

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ፕሮፌሰር መለሰልኝ፣ በትሕትና ነው ያውም። «እህታችን፣ ክፍል ዘጠኝ ላይ እንዲህ የሚል ንግግር የለም። ጀልባውን ይዞ የሚላት "ገመዱ አጥሯል፣ ለነገ ሦስት ክንድ ጨምሪበት" ነው። ደግሞም እህቱ አይደለችም። የቀጠራት ሠራተኛ ናት።» ከሥሩ ቁራጩን ለጥፎታል።

ከዚያ በኋላ ሳቁ ወረደ። አሜሪካኖቹን ሲሰድብ የሰነበተ ሁሉ እኔ ላይ ዞረ። «እህታችን የራሷን ፊልም ሠርታለች፣ አሜሪካኖቹ ይቅጠሯት።» ምሳ ሰዓት ላይ ማንም ስለ ምንም ነገር ሲጠይቅ መልሱ «ሦስት ክንድ ጨምሪበት» ሆኗል። እንፋሎት ጨሰች፣ ስልኬን ነጥቃ ልትሰድባቸው ስትል አስጣልኳት።

ሦስት ክንድ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሲከፋኝ ለራሴ የምለው ነገር እኮ ነው። ሦስት ክንድ ገመድ?

አርብ፣ ግንቦት 15

ከሥራ መልስ ከፕሮፌሰር ትርጉም ጋር ማየት ጀመርኩ። ስድስት ክፍል ጨረስኩ።

ጋሽዬ አንድም ቃል አያውቅም ነበር። አንድም! ክፍል ሁለት ላይ አንድ ሽማግሌ ስለ ዓሣ ዋጋ ነው የሚጨቃጨቀው። ጋሽዬ «የልጆቹ እናት የት እንዳለች አውቃለሁ ይላል» ብሎኝ ነበር። ክፍል አራት ላይ ጠላቂውና ገመድ ያዥዋ ተጣልተው ነው፣ እሱ ግን እየተቃለዱ ነው አለኝ። እየሳቅኩ ነው የማየው። አሥር ዓመቱ ነበር፣ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣው?

እማዬ መነጽሯን አድርጋ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ልጅ ስትወልጂ አብራችሁ ታያላችሁ አለችኝ። አመሰግናለሁ እማዬ።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ደወለ። ተነስቼ፣ ጃፓንኛ አትችልም ለካ፣ አንተ ዓይን ያወጣህ ውሸታም ብዬ መጮህ ፈልጌ ነበር። ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ሰላም በያት፣ ሌላ ጊዜ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ክፍል ሃያ።

ገመድ ያዥዋ ትሞታለች። ሳል ይዟት፣ አልጋ ላይ። ጠላቂው እጇን ይዞ ቁጭ ብሏል፣ ቀበሮው በር ላይ። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ክፍሎች ገመዱን የምትይዘው ሌላ ልጅ ናት፣ ጥቁር ጸጉር ያላት።

ጋሽዬ ምን ነበር ያለኝ? አልጋ ላይ ተኝታ ሳያት ታማለች እንዴ አልኩት። «አይ፣ ደክሟት ነው፣ ነገ አክስቷ ጋ ልትሄድ ነው» አለኝ። ጥቁር ጸጉሯ ልጅ ስትመጣ ደግሞ «ያችው ናት፣ ከአክስቷ ቤት ጸጉሯን ቀለም ተቀብታ መጥታ ነው።» እኔም ነጩ ያምርባት ነበር ብዬ አዘንኩ። ጅል!

የሳቅኩት እስከዚህ ድረስ ነው። ያን ወራት እማዬ ሆስፒታል ነበረች። ሦስት ወር ተኝታለች። እኔ የማስታውሰው ጎረቤቶች ሲመላለሱና አባዬ ምግብ ሲያቃጥል ነው። ትሞታለች ተብሎ እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ጋሽዬ ግን ያኔም ያውቅ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እናቱ ልትሞት እንደምትችል እያወቀ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ልጅቷ ስትሞት እያየ… አክስቷ ጋ ሄደች አለኝ። ድምፁ እንኳን አልተለወጠም።

እኔ ደግሞ አንድ ውሸቱን ይዤ አባዬ ፊት አቆምኩት።

ግሩፑን ከፈትኩ። አሁንም ልጅነታችንን ሰረቁን ይባባላሉ። ወይ እነሱ። የኔ ልጅነት እኮ ፊልሙ ውስጥ አልነበረም። አሜሪካም ጃፓንም ሊነካው አይችልም። ያለው አንድ ሰው ጋ ነው፣ እሱም አያናግረኝም።

ፕሮፌሰር ለብቻዬ ጽፎልኛል። ስለ ሳቁ ይቅርታ ጠየቀና ያንን ንግግር ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። ወንድሜ ነው ያለኝ አልኩት። «እኔ ሃያ ስድስቱን ክፍል ስተረጉም እንደዚያ ያለ ነገር አላገኘሁም። ወንድምሽን አመስግኚልኝ» አለኝ። እንዴት አድርጌ?

እሑድ፣ ግንቦት 24

ጠዋት ተነስቼ ቤቱን ሁለቴ ጠረግኩ። ደወለ። ጉልበት፣ መድኃኒት፣ ደህና ነኝ። እማዬ ላቅርብልህ ወይ ልትለው ስትል እጇን ያዝኳት።

«ገመድ ያዥዋ የት ሄደች በይው» አልኳት።

«ምን ያዥ?»

«እሱ ያውቃል። በቃ በይው።»

እማዬ እኔን እንደ እብድ አየችኝ፣ ግን ጠየቀችው። «እህትህ ገመድ ያዥዋ የት ሄደች ትላለች። ምንድነው እሱ? የሥራ ነገር ነው?»

መስመሩ ተቆርጦ ይሆናል ብላ እማዬ ስልኩን ነካ ነካ አደረገችው። አልተቆረጠም፣ ከኋላው መኪና ይሰማል።

«አክስቷ ጋ ሄዳለች በያት» አለ። ቀስ ብሎ። ከዚያ ደህና ሁኚ እንኳን ሳይላት ዘጋ።

እማዬ «የማን አክስት?» ትላለች። ስቄ ስቄ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ፣ እሷም ግራ ገብቷት አብራኝ አለቀሰች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ቃሉን አልቀየረም እኮ! አሁንም አልሞተችም ይለኛል።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

የደብዳቤው ባለቤት መጣ። ኮቱን ሰጥቼ ፖስታውን ስዘረጋለት ጆሮው ድረስ ቀላ። ለሚስቱ ነው፣ ጽፎ መስጠት ፈርቶ ኪሱ ውስጥ ከርሞ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ስንት ነገር አስቤበት ነበር። ሰው ላይ መፍረድ እንዴት ይቀናኛል…

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ቀኑ አልሄድልኝ ብሏል። ሦስት ሸሚዝ ቁጥር አሳስቼ ለጠፍኩ። እሑድ ባይደውልስ? አጉል ነገር ቆስቁሼ እማዬንም ስልኩን ካሳጣኋት?

እሑድ፣ ሰኔ 1

ከወትሮው ቀደም ብሎ ደወለ። እማዬ ሻይ አፍልታ ገና ቁጭ ማለቷ ነው። ስለ ጉልበቷ አልጠየቃትም። «አጠገብሽ ናት?» አላት። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ አንስታ ሰጠችኝና ጓዳ ገባች። በሩን ግን ገርበብ ነው ያደረገችው፣ እሷን አላውቃትም እንዴ።

«ሚጡ» አለኝ።

በዚህ ስም የሚጠራኝ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ስንት ጊዜ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። ይቅር በለኝ አልኩት። ያን ቀን ለብቻህ መጠየቅ ሲገባኝ፣ አባዬ ፊት… እያልኩ አንዱን ከአንዱ ቀላቀልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«የምን ይቅርታ ነው? ዋሽቼ የተያዝኩት እኔ» አለ። «ተቀይሜሽ አይደለም እኮ። ፊት አጥቼ ነው።»

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠልቶኛል ስል ኖሬ… ለካ አፍሮ ነው። እኔም እሱም፣ እያንዳንዳችን ጥፋተኛው እኔ ነኝ እያልን። አባዬ መሀል ላይ ሞተ። እማዬ መሀል ላይ አረጀች። ማን ይመልስልናል ይሄን?

ስለ ፊልሙ እናወራለን ብዬ ነበር፣ አላወራንም። አፌ ላይ የመጣው ሌላ ጥያቄ ነው። ያን ቀን እራት ላይ ያልጠየቅኩት፣ አባዬም ያልጠየቀው፣ እማዬም በዚህ ሁሉ እሑድ ያላነሳችው።

«ጋሽዬ፣ ያን ሁለት ዓመት ጠዋት ጠዋት የት ነበር የምትሄደው?»

ረጅም ነው አለኝ። ጊዜ አለኝ አልኩት። ጠረጴዛው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

የመጀመሪያው ዓመት ፈተና ላይ ወደቀ። አባዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ነበርና መናገር አቃተው። ነገ እነግራቸዋለሁ እያለ ነጋ መሸ። ከተማው ቤተ መጻሕፍት ጋዜጣ ክፍል ነበር የሚውለው፣ ከሽማግሌዎች ጋር። አንዱ ሽማግሌ እሱ ተማሪ እየመሰላቸው ደብተሩን ሲያዩ ጎሽ ይሉት ነበር። ምሳውን ደረጃው ላይ ይበላል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወደ ቤት። «አንቺ በር ላይ ትጠብቂኝ ነበር» አለኝ። «ዛሬ ምን ተማርክ ትዪኛለሽ። መንገድ ላይ የምነግርሽን ትምህርት ሳዘጋጅ ነበር የምመጣው።»

አስታውሳለሁ። የራሴ ደብተር ላይ ሁሉ ጽፌዋለሁ፣ እሱ ያለኝን።

«ለእኔ እንኳን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አልኩት።

«የምልሽን ሁሉ የምታምኚኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ» አለ። «አንቺንም ካጣሁ ምን ይቀረኝ ነበር?»

«አሁንም አምንሃለሁ» አልኩት።

ጋሽዬ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ ዛሬ ሰማሁት። ለመዝጋት አልቸኮለም። እኔም አልቸኮልኩም። እማዬ ከጓዳ ወጥታ ሻዩን አጠገቤ መሬት ላይ አስቀመጠችልኝና ተመልሳ ገባች።